ዘበኛው ያላየው መዝገብ

ፍላሹ ለሁለተኛ ጊዜ ባዶውን መጣ። ዓባይ ማዶ ባለችው የኪራይ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፤ ከፈትሁት፤ ምንም የለም። ነቅዬ፣ እንደ በርበሬ ከረጢት አራግፌ፣ መልሼ ሰካሁት። ወይ ፍንክች! አንዲት ፋይል እንኳ ለወሬ ነጋሪ አልተረፈችበትም።

"እኒህ የዕቃ ቤቱ መነኩሴ አሁንም ሳይሰኩት ከረሙ ማለት ነው!" ብዬ ጮኽሁ። የጮኽሁት በሬ ላይ በቆመው በቢያዝን ላይ ነው። ቢያዝን ጀልባ ነጂ ነው፤ ከጣና ደሴቶች ወደ ባሕር ዳር ሰውም ዕቃም ያመላልሳል፣ ፍላሹንም ከገዳሙ ያመጣልኝ እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ስጮህ ይስቅብኝ ነበር። ያን ዕለት አልሳቀም።

"እናትዬ፣ ቀስ በይ" አለኝ። "የኔታ ወድቀዋል። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። አንደበታቸውም ተዘግቷል። የሐምሌ ገብርኤል ማግስት ነው አሉ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ቢያዝን ውሃ ሊቀዳልኝ ብርጭቆ ይፈልጋል፣ እኔ ባዶውን ፍላሽ በእጄ ጨብጬ አየዋለሁ።

የኔታ ወልደ ጻድቅን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከመመንኮሳቸው በፊት መሸንቲ ላይ የደብራችን መምህር ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሃያ ወንድ ልጅ መካከል ሴቷ እኔ ብቻ ነበርሁ። "ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ምን ልትሆን?" ሲሏቸው፣ "ዝም በሉ! ይቺ ከእናንተ ጎረምሶች ትሻላለች" ይሉ ነበር። ሚስታቸው ሲሞቱ መንኵሰው ደሴት ላይ ወዳለ ገዳም ገቡ። የገዳሙን ስም አልጠራም፤ በእኔ ጥፋት ስማቸው እንዲነሣ አልፈልግም። የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት ከጀልባ ማቆሚያው አታልፍም። ስለዚህ እሳቸው ከገቡ ወዲህ ያየኋቸው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ አራቱንም ጊዜ ወደ ወደቡ ወርደውልኝ።

የኔታ የሚያውቁት የዳዊት ትርጓሜ አለ። የታተመው አይደለም። ከመምህራቸው የሰሙት፣ መምህራቸውም ከመምህሩ የሰማው፣ ከራሳቸው ጀምረው ሰባት ሰው ወደ ኋላ ስም ከነአገሩ እየጠሩ የሚቆጥሩት ነው። ከሰባቱ አንዱም አልጻፈውም። ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ ተበትነው ወንበሩ ታጠፈ፤ የእሳቸውንም ዓይን ሞራ ጋረደው። አምና በጥቅምት ወደቡ ላይ እጄን ያዙና፣ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኔ የሚጽፍልኝ የለኝም። ያ ያንቺ ማሽን ይሰማል አሉኝ፤ እስቲ እኔንም ይስማኝ" አሉ። ከዚህ በላይ አልለመኑኝም። ልመና አያውቁም።

ሠራሁላቸው። መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር፣ ማይክሮፎን፣ አንዲት ቀይ ቁልፍ፣ ሁሉም በእንጨት ሳጥን ውስጥ። ቁልፏን አንድ ጊዜ ሲጫኗት ትቀዳለች፤ ሁለተኛ ሲጫኗት ታቆምና መዝገብ ላይ አንድ መስመር ትጨምራለች፣ ቀንና ቁጥር። ኃይሏን ከጣሪያ ላይ ሶላርና ከባትሪ ታገኛለች። የገዳሙን ዕቃ ቤት የሚጠብቁት አባ ኃይለ ገብርኤል የቱ ሽቦ የት እንደሚሰካ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው አጥንተው ወሰዷት።

እዚህ ላይ ትንሽ የሙያ ነገር ልናገር ነው። ታገሡኝ፤ ያለዚህ ኃጢአቴ አይገባችሁም።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች መብራት ድንገት ሲቋረጥ ፋይላቸውን የያዘው ካርድ ይበላሻል። በሙከራ ብቻ ሁለት ካርድ ገድያለሁ። ስለዚህ ካርዱን ማንም እንዳይጽፍበት ቆለፍሁትና በላዩ ሌላ ንብርብር ዘረጋሁ። ብራና ላይ ላስቲክ ዘርግታችሁ ላስቲኩ ላይ እንደምትጽፉ ቁጠሩት። ከላይ ለሚያይ አንድ ገጽ ነው፤ ብራናው ግን አልተነካም። ከታች ያለን ነገር መለወጥ ሲያስፈልግ፣ ማሽኗ መጀመሪያ ያን ገጽ እንዳለ ወደ ላስቲኩ ትገለብጠዋለች፤ የምትለውጠውም እዚያ ላስቲኩ ላይ ነው። ላስቲኩ ደግሞ የተዘረጋው ማሽኗ በርታ እስካለች ብቻ በሚያስታውስ ሚሞሪ ላይ ነው። መብራት ጠፋ ማለት ላስቲኩ የለም ማለት ነው።

"ታዲያ የየኔታን ድምፅ በሚጠፋ ላስቲክ ላይ?" ትሉኛላችሁ። ኧረ ያን ያህልስ ሞኝ አይደለሁም! ለዚያ ነው ዘበኛ ያቆምሁት። ዘበኛ የምለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። መዝገቡን ይጠብቃል። መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር ሲጨመር ማሽኗ ትቀሰቅሰዋለች፤ ይነሣና አዲሱን ቅጂ ፍላሹ ላይ ይገለብጣል። ፍላሽ መብራት ቢጠፋም አይረሳም። በየአምስት ደቂቃው እየተነሣ የሚዞር ዘበኛ ማቆም እችል ነበር፣ ባትሪ ይበላል ብዬ ናቅሁት። የእኔው ካልቀሰቀሱት የማይነሣ፣ ቁጥብ ዘበኛ ነው። እንዴት ኮርቼበት እንደነበር አትጠይቁኝ።

በሰኔ የመጀመሪያው ፍላሽ ባዶውን ሲመጣ አባ ኃይለ ገብርኤልን በስልክ ገሠጽኋቸው። "አባ፣ ሲሰኩት ጥግ እስኪደርስ ይጫኑት እንጂ! ሕፃን እንኳ ያውቀዋል እኮ!" አልኋቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። "ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ፣ ይቅር በይኝ" አሉ። ይቅር አልኋቸው። እኔ፣ እሳቸውን!

ቢያዝን ውሃውን አጠጥቶኝ ሲሄድ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን ሁለተኛዋን ሳጥን አስነሣሁ። የሠራሁት ሁለት ነበር፣ መንትያ። ቀዳሁ፤ መስመር ተጨመረ፤ ዘበኛው ነቃ፤ ፍላሹ ላይ ተገለበጠ። ደገምሁ፤ ነቃ። አጥፍቼ አብርቼ ሞከርሁ፤ ነቃ። አሥር ጊዜ ሞክሬ አሥሩንም ነቃ። "በሉ እንግዲህ፣ ጥፋቱ የአባ ነው" አልሁ። ደስ እያለኝ ነው ያልሁት፤ እግዜር ይይልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኗን አብርቼ ልጀምር ስል ስልኬ ጠራ፤ ከመሥሪያ ቤት ነው። አውርቼ ስመለስ ቁልፏን ተጫንሁ። ቀዳች፤ መስመር ተጨመረ። ዘበኛው ዝም። ደግሜ ተጫንሁ፤ ዝም። የዛሬው ከትናንቱ በምን ተለየ? ወረቀት አወጣሁና ትናንት ያደረግሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍሁት፤ ካጠገቡ የዛሬውን። አንድ ነገር ጎድሏል። በስመ አብ አልጻፍሁም።

ይህም የየኔታ ትምህርት ነው። ሰሌዳም ይሁን ደብተር፣ ብዕር ካነሣሽ መጀመሪያ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ብለሽ ጀምሪ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እጄ ራሱ ይጽፈዋል፤ አይታወቀኝም እንኳ። ስሞክር ሁልጊዜ መዝገቡን በእጄ ከፍቼ፣ ራስጌው ላይ በስመ አብ ጽፌ፣ ከዚያ ነበር ዘበኛውን በእጄ ጥበቃ የማስጀምረው። ያን ጠዋት ስልኩ አቋረጠኝና ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ዘበኛው ደግሞ ሳጥኗ በርታ ትንሽ ስትቆይ በራሱ ጥበቃ ስለሚጀምር ቀደመኝ።

 ገባኝ! እኔ በስመ አብ ስጽፍ መዝገቡ ከብራናው ወደ ላስቲኩ ተገልብጧል። ዘበኛው ኋላ ጥበቃ ሲጀምር የሚያገኘው የላስቲኩን ነው፤ እሱን ይጠብቃል፣ ሁሉ ሰላም። ደሴቱ ላይ ግን ሳጥኗ በራሷ ስትነሣ መዝገቡን ቀድሞ የሚነካ ሰው የለም። ዘበኛው የሚያገኘው ከታች ያለውን፣ የተቆለፈውን ነው። "ይህን ጠብቅ" ተብሏል፤ ይጠብቃል። የኔታ ቁልፏን ሲጫኑ መዝገቡ ወደ ላስቲኩ ይገለበጣል፤ አዲሱ መስመር እዚያ ይጻፋል። ዘበኛው አሁንም የታችኛው ላይ እንዳፈጠጠ ነው። የታችኛውን ደግሞ እስከ ዕለተ ምጽአት የሚነካው የለም። ሰው ሁሉ በአዲሱ በር ይገባል፣ እሱ በድሮው በር ቆሞ "ማንም አልመጣም" ይላል።

አባ ታዲያ ፍላሹን በትክክል ነበር የሰኩት። ሁለቱንም ጊዜ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ አለ። የኔታ ከዳግም ትንሣኤ እስከ ሐምሌ አቦ ስድሳ ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ተናግረዋል። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ጨርሰዋል። ያ ሁሉ ያለው ላስቲኩ ላይ ነው። መብራቷ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለች አለቀ። ጊዜው ነሐሴ ነው፤ ፀሐይ የለም፣ ባትሪው የትኛው ቀን እንደሚሞት ማን ያውቃል? እንዳይደግሙት አንደበታቸው ተዘግቷል። ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልሁ ጸጉሬን ነጨሁ።

ደወልሁ። የገዳሙ ስልክ ዕቃ ቤት ነው የሚቀመጥ፤ በፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይከፈታል። ሦስት ቀን ሞከርሁ። በአራተኛው ቀን አባ ኃይለ ገብርኤል አነሡት።

"አባ፣ አረንጓዴዋ መብራት በርታለች ወይ?"

"በርታለች። ካመጣኋት ቀን ጀምሮ ጠፍታ አታውቅም፤ ጠዋት ጠዋት አያታለሁ።"

"ተመስገን!" እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ። "እንግዲህ አባ፣ ማንም እንዳይነካት። ነገ እመጣለሁ።"

"ምን ሆነች?"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። "የየኔታ ድምፅ ገና ቋሚ ቦታ ላይ አልተጻፈም፤ መብራት ከጠፋ ይጠፋል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው፣ እርስዎን በከንቱ ነው የገሠጽሁዎ" ማለት ነበረብኝ። አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። አላልሁም። አፈርሁ። ያን ሁሉ ቃል የተናገርኋቸው ሰው ናቸው እኮ።

"ትንሽ የምትስተካከል ነገር ናት" አልሁ። "ብቻ አይንኳት።"

"እሺ ልጄ፣ አትነካም" አሉ።

በማግስቱ ከቢያዝን ጋር ተነሣን። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ሳጥኗ የራሷ ዋይፋይ አላት፤ ከጀልባው ላይ ሆኜ በላፕቶፔ አዛታለሁ። አባ ፍላሹን ወስደው ይሰኩታል፣ እኔ "ሁሉንም ወደ ፍላሹ ገልብጪ" እላታለሁ፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ካርዱ ቦታ ቢኖረው ቁልፉን ፈትቼ እዚያው ባስቀመጥሁት ነበር፣ እሱን ደግሞ በገዳሙ የብራና መጻሕፍት ፎቶ አጭቄዋለሁ። ሐይቁ በክረምት ጎርፍ ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል። ቢያዝን ሊያጫውተኝ ሞከረ፣ "ምነው ዛሬ አፍሽ ታሰረ? ጣና ሊደርቅ ነው መሰል" አለኝ። 

ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን። ቅዳሴ አልወጣም። ወደቡ ላይ ጠበል ሊወስዱ ከመጡ ሁለት ባልቴቶች አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወደ ላይ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ መንገዱ ይታየኛል። ተነሥቼ ብሮጥ በሁለት ደቂቃ ሳጥኗ ዘንድ ነኝ። ተቀመጥሁ። ደንቡን ጠልቼ አላውቅም፣ ያን ቀንም አልጠላሁትም፤ እግሮቼን ብቻ ጠላኋቸው።

ቅዳሴ ሲያልቅ አባ ኃይለ ገብርኤል ጠበልና መስቀል ይዘው ወረዱ። እዚያ እንዲህ ነው፤ ሴት ወደ ላይ አትወጣም፣ በረከቱ ወደ ታች ይወርድላታል። በበዓል ቀን መጻሕፍቱ ሳይቀሩ ወርደው ወደቡ ላይ ይሳለሟቸዋል። አባ ባልቴቶቹን አሳለሙ፣ እኔንም አሳለሙ፤ ፍላሹን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

"የኔታስ?" አልኋቸው።

"እንደዚያው ናቸው። ይሰማሉ፣ አይናገሩም። መምጣትሽን ብነግራቸው እንባቸው ወረደ።"

"ሰላም በሉልኝ። እንግዲህ አባ፣ ፍላሹን ብቻ ይሰኩ፣ ሌላ ነገር..."

"አልነካም፤ ነግረሽኛል" አሉና ወጡ።

ወደቡ ላይ ዋይፋዩ አይደርስም። ሳጥኗ ያለችበትና የኔታ የተኙበት ዕቃ ቤት በደሴቱ ጀርባ በኩል ለውሃው ይቀርባል ስላሉኝ፣ "ቢያዝን፣ በጀርባ ዙርልኝ" አልሁት። ዞርን። ዝናቡ ጀመረ። ደንገሉ ውስጥ እየተሹለከለክን ስንጠጋ የሳጥኗ ስም ላፕቶፔ ላይ ብቅ አለ፣ በአንዲት ቀጭን ሰረዝ።

"እዚህ! አቁም! እዚህ አቁም!"

"ሴትዮ፣ ጀልባ በቅሎ አይደለም ልጓም የምስብ" አለኝ ቢያዝን። ቢሆንም መቅዘፊያውን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ያዘልኝ።

ገባሁ። ፎልደሩን ከፈትሁ። ከአንድ እስከ ስድሳ ሦስት፣ ተሰልፈው ቁጭ ብለዋል። አንዱም አልጎደለም። ጮክ ብዬ ቆጠርኋቸው፤ እያለቀስሁ ነው የቆጠርሁ። ቢያዝን ያበድሁ መስሎት ያየኛል። ፍላሹ ገና አልተሰካም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ። እስኪሰካ ድረስ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ የመጀመሪያውን ፋይል በዋይፋዩ ወደ ላፕቶፔ መሳብ ጀመርሁ። አንድ በመቶ። ጃኬቴን አውልቄ ላፕቶፑን ከዝናቡ ጋረድሁት። ሁለት በመቶ። ሦስት። "ነይ እናቴ፣ ነይ" እላታለሁ። አራት በመቶ ላይ ቆመች። ስሟም ከላፕቶፔ ላይ ጠፋ።

"ተንቀሳቀስህ!" ብዬ ቢያዝን ላይ ጮኽሁ።

"ኧረ ንቅንቅ አላልሁም!"

ዝናቡ ነው አልሁ። ዛፉ ነው አልሁ። ላፕቶፑን ወደ ላይ አነሣሁት፣ ወደ ጎን አዞርሁት፤ ጀልባው ዳር ላይ ቆሜ ልወድቅ ስል ቢያዝን በቀሚሴ ያዘኝ። ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ አስባልሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ስንል ቆየን። ስሟ አልተመለሰም።

የቢያዝን ስልክ ጠራ። አዳመጠ። "አባ ናቸው። ወደ ወደቡ ተመለሱ፣ እየጠበቅናችሁ ነው ይላሉ።"

"ምን ሊያደርጉ?"

"እኔ ምን ዐውቄ?"

ሆዴ ቀድሞኝ ዐወቀ። አፌ ግን "ፍላሹን ሰክተው ሊነግሩኝ ይሆናል" እያለ ቀረ። ቢያዝን ሞተሩን አስነሥቶ ደሴቱን ዞረ።

ወደቡ ላይ ዐሥር የሚሆኑ መነኮሳት ቆመዋል። በመካከላቸው አንድ ወንበር አለ፤ የኔታ ተቀምጠውበታል። ከነወንበራቸው ተሸክመው ነው ያወረዷቸው። አንዱ ጃንጥላ ይዞላቸዋል። ጭናቸው ላይ በነጭ መጎናጸፊያ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ የሳጥኗን ማዕዘን በጨርቁ ውስጥ ለየሁት። ሽቦዎቿ በሥርዓት ተጠቅልለው በክር ታስረዋል።

ከጀልባው እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም። አባ ኃይለ ገብርኤል ወደ እኔ መጡ፤ ፊታቸው በርቷል።

"ልጄ፣ አልነካም ብዬሽ ነበር፤ ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ግን ስሚኝ። ፍላሹን ልሰካ ስል የኔታ በግራ እጃቸው ልብሴን ያዙኝ። ወደ ሳጥኗ ጠቆሙ፤ ወደ ራሳቸው ጠቆሙ፤ ወደ ወደቡ ጠቆሙ። ከወደቁ ጀምሮ እጃቸውን ሲያነሡ ይህ መጀመሪያው ነው! አበ ምኔቱ አይተው አለቀሱ። የወንበራቸው ልማድ ነው አሉ፤ መምህሩ ሲያስረክብ በገዛ እጁ ነው። በሰው እጅ አይልክም፣ በርቀትም አይሰጥም። 'እሷ መውጣት አትችልም፣ እሳቸውን አውርዱ' ብለው አዘዙ። ታዘዝሁ። ስምንተኛዋ አንቺ ነሽ።"

"መብራቷስ?" አልሁ። ድምፄ የሰው ድምፅ ሆነብኝ።

"ነቅለናታል እንጂ። አንዲትም ነገር አልሰበርንባት። ደግሞ የተጻፈ ነገር መብራት ስለጠፋ ይጠፋል እንዴ?" ብለው ፈገግ አሉ።

ምን ብዬ ልቆጣ? በማን ላይ? ለሁለት ሽማግሌዎች አንድ ትንፋሽ እውነት ብሰጥ ኖሮ ያቺ ሽቦ አትነቀልም ነበር።

የኔታ እግር ሥር ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። መቅረቤን በድምፄ ዐወቁ። የግራ እጃቸው ሳጥኗን ወደ እኔ ገፋች፤ ቀኟ አልታዘዛቸው ብላ ጭናቸው ላይ ተኝታለች። ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልሁ። ሳጥኗ ገና ሙቀት ነበራት። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ፣ ከዚያ ፊቴን ዳሰሱ፤ እንባዬ ጣታቸውን አራሰው። ሞራ የጋረደው ዓይናቸው ፊቴን አያይም። ከፊታቸው ግማሹ፣ የሚታዘዛቸው ግማሹ ፈገግ አለ።

"የደስታ እንባ ነው" አሉ አበ ምኔቱ ለመነኮሳቱ።

የኔታ እጃቸውን ከፊቴ አላነሡም። እየጠበቁ ነው። መናገር ነበረብኝ፤ እዚያው፣ በዚያች ደቂቃ። እንዲያውም ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር።

"ተቀበልሁ፣ የኔታ" አልሁ።

ከዚያ ወዲህ የሞከርሁትን ብዘረዝር ምን ይረባችኋል። ቤት ወስጄ ሰካኋት፤ መዝገቧ አንድም መስመር የለውም። የሚያውቅ ሰው የምለውን ሁሉ ጠየቅሁ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙያ ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ "እናትዓለም፣ የምነግርሽን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ" አለኝ። ዐውቀዋለሁ። ከሚሞሪ የጠፋ የሚታፈስበት ወንፊት የለም። ቢሆንም ሁልጊዜ ከሥራ ስመለስ ከፍቼ አያታለሁ። ምን እንደምጠብቅ አትጠይቁኝ።

አሁን ኅዳር ነው። የኔታ በሕይወት አሉ። አባ ኃይለ ገብርኤል ድምፁን ለሰው እያሰናዳሁት መስሏቸው በየቅዳሜው ይደውሉልኛል።

"ደረሰልሽ ወይ ልጄ?" አሉኝ ያለፈው ቅዳሜ። "የኔታ እህል ትተዋል፤ ከውሃ በቀር አይወስዱም። ግን አያርፉም። ጠዋት ጠዋት ወደ ወደቡ አውርዱኝ እያሉ ይጠቁማሉ፤ እናወርዳቸዋለን። የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ቀና ይላሉ። ሲያልፍ መልሰው ያቀረቅራሉ። ድምፃቸው ለሰው ጆሮ መድረሱን ሳያውቁ ነፍሳቸው የምትወጣ አይመስለኝም። እባክሽ ቶሎ በይና አሳርፊያቸው።"

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምሁ። ከወዲያ በኩል የወደቡ ነፋስ ይሰማኛል፤ እዚያው አጠገባቸው ሆነው ነው የሚደውሉት።

"ትንሽ ቀርቶኛል፣ አባ" አልሁ።

"እግዚአብሔር ያበርታሽ" አሉኝ። ከዚያ ስልኩን ከአፋቸው ራቅ አድርገው፣ ጮክ ብለው፣ "ትንሽ ቀርቷታል፣ የኔታ!" ሲሉ ሰማሁ።